ሞልቶ የተገኘ ዘይት

እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ገና ሳይበተን፣ የግራዝማች ፈንታ ዘበኛ አዳሙ ከአንዲት ድንጋይ ላይ ወጣና ዱላውን ከትከሻው አውርዶ እንዲህ ሲል ተናገረ፦

«የሰፈር ሰው ሆይ! ወንድም ሴትም፣ ካህንም ጨዋም አድምጥ! የጌታዬ የግራዝማች ፈንታ መኪና ትናንት ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኗ ተከፍቶ ቢታይ፣ የሞተሯ ዘይት ሞልቶ ተገኝቷል!»

አንዲት አሮጊት አማተቡ። አንድ ገበሬ ጠጋ ብሎ፣

«ጎድሎ ነው ያልከው?» ቢለው፣

«ሞልቶ ነው ያልሁ» አለ አዳሙ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። «ማን እንደሞላው አልታወቀም። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ከግራዝማች ግቢ አውጫጭኝ ተቀምጠን ይጣራል። የቀረ ሰው፣ እሱ ነው!»

ሹፌሩ እንዳላማው ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እሱም እንደ ሰው ሁሉ ዞሮ ከኋላው ያለውን አየ። ከኋላው ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ግራዝማች ፈንታ ያቺን ሽፍን መኪና ከአዲስ አበባ ገዝተው ካስመጧት ወዲህ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ ሰውና ድንች፣ ገብስና ፍየል አደባልቃ ታመላልሳለች። ጠዋት ከመነሣቷ በፊት ሥርዓት ነበራት። እንዳላማው ኮፈኗን ይከፍታል። ራዲያተሯን ውሃ ያጠጣል፣ የፍሬን ዘይቷን ያያል፣ የባትሪዋን ውሃ ያያል። በመጨረሻ የሞተሩን ዘይት መለኪያ ብረት ይመዝዝና፣ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከትቶ፣ እንደገና አውጥቶ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ለቆሙት ለግራዝማች በሁለት እጁ ያቀርባል። ግራዝማችም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመረምሩታል።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔም ደህና መስሎ ነው የታየኝ።»

እውነቱን ለመናገር ሞተሯ ከመጀመሪያውም ዘይት ትበላ ነበር። እንዳላማው ግን «ጎደለ» የሚለው ቃል ለግራዝማች ጆሮ እንደማይስማማ ስለሚያውቅ፣ እሳቸው ከመኝታቸው ሳይነሡ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ አድርጎ ያስተካክለዋል። በዚህ ዓይነት ግራዝማች ዘይት የማትበላ መኪና ያለችው ሰው እሳቸው ብቻ እንደሆኑ አምነው ኖሩ። እንዲያውም እዚህም እዚያም ያወሩት ነበር።

በዚያች በጾሙ መግቢያ ጠዋት ግን እንዳላማው ሲመጣ ግራዝማች ቀድመውታል። ኮፈኑ ተከፍቷል። ብረቱን በአንድ እጃቸው፣ እራፊ ጨርቅ በሌላው እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሲያዩት ጨርቁን ከጋቢያቸው ሥር አስገቡና ብረቱን ወደ እሱ ቀሰሩ።

«ትናንት እላይኛው ጭረት ላይ አልነበረም እንዴ?»

«ሞተር ዘይት ይበላል፣ ጌታዬ። ሲያረጅ ደግሞ ይብስበታል።»

«ዓመት ሙሉ ስትበላ አላየኋትም። ሰው ሁሉ ሲጾም ነው እሷ የጀመራት?»

እንዳላማው መልስስ ነበረው፤ ግን ዓመት ሙሉ ደብቄዎታለሁ ብሎ የሚጀምር መልስ ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘይት የሚባል ነገር ከእጁ ወጣ። ቆርቆሮው ወደ ግራዝማች ሚስት ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ጓዳ ገባ። የጓዳው ቁልፍ አንዱ በባለቤትየዋ አንገት፣ ሌላው በግራዝማች ኪስ ሆነ። ግራዝማችም «የወሰደው ሰው እስኪመልስ አንዲት ጠብታ አላስጨምርም» ብለው በአባታቸው ስም ማሉ። ዘይት የሚጨመርበትን ክዳን ደግሞ ሰም አቅልጠው ዙሪያውን ለቀለቁትና በቀለበታቸው አተሙት።

ሰም ከሞተር ላይ እንደማይውል ለመናገር እንዳላማው አፉን ከፈተ። ግራዝማች አፉ ሲከፈት አዩና «እህ?» አሉ። አፉ ተዘጋ።

ሰሙ ሮብ ገበያ ሳይደርስ ቀለጠ። ማታ ሲመለሱ ግራዝማች ኮፈኑን አስከፍተው፣ ማኅተማቸው የነበረበትን ቦታ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ማኅተም የለም።

«ማኅተሙ አልተነካም» አሉ ቀና ብለው። ማኅተሜ ቀለጠ ማለት እንዴት ይሆንላቸዋል።

«ኧረ ምን ተነክቶ!» አለ አዳሙ።

«አልተነካም» አለ እንዳላማውም። በዚያው የሌለው ማኅተም ሳይነካ ሰነበተ።

እንዳላማውን እንቅልፍ የነሣው ግን መኪናዋ ብቻ አልነበረችም። ለሥራነሽ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሥራነሽ የመሪጌታ አካለ ወልድ ልጅ ናት። መሪጌታ ደግሞ ቅኔ ቤት ካረጁ በኋላ ነገር ቀስ አድርገው ከመመዘን በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም። ሽማግሌዎቹን በመልካም ተቀብለው ነበር። የዘይቱ ወሬ ሲደርሳቸው ግን እንዳላማውን አስጠርተው፣

«ልጄ፣ ልጄን አልከለከልሁህም» አሉት። «ይህ የዘይት ነገር ይጥራ ብቻ። እኔ ሹፌር ነው ለተባለ ሰው እሰጣለሁ። ሌባ ለተባለ ሰው ግን ጎረቤት መሆንም አልሻ።»

«የኔታ፣ እኔ አልወሰድሁም።»

«አልወሰድህም ብዬ ነው እኮ ይጥራ ያልሁ። ወስደሃል ብል ኖሮ ምን ይጣራል?»

እንዳላማው ከዚያ ቤት ሲወጣ የሚጠረጥረው ሰው አስፈለገው። ቅርብ ያለው አዳሙ ነው። ሌሊት ከመኪናዋ ጋር የሚያድረው እሱ ነው። በዚያ ላይ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ የግራዝማች ጠመንጃ አዲስ እንደተፈበረከ ሁሉ ያብለጨልጭ ጀምሯል። ያየ ሁሉ ያደንቃል።

«አዳሙ» አለው አንድ ቀን ጎማ እየነፋ፣ «የጌታችን ጠመንጃ አምሮበታል። በምን ወለወልኸው?»

«እኔ? እሳቸው እኮ ሰው አያስነኩም። ራሳቸው ናቸው ማልደው ተነሥተው የሚወለውሉት።»

«ማልደው?»

«ማልደው። ምነዋ፣ ነገር ፈለግህ እንዴ? እኔ ዘይት ብሰርቅ ምን ላደርግበት ነው? ዱላ ልቀባበት? አንተ ነህ ዘይት ከሹፌር ለሹፌር የምታሻግር። ሮብ ገበያ ከዚያ ከባለ ጭነት መኪናው ጋር ተቃቅፋችሁ ስታወሩ ታይታችኋል።»

«ማን አየ?»

«ያየ አየ።»

ሁለቱም ከዚያ በኋላ ሰላምታ ሲለዋወጡ እጅ እጅ ይተያዩ ነበር።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ደብሪቱም የራሳቸውን ሌባ ያዙ፤ ማለትም ጠረጠሩ። ለፋሲካ አንጥረው ያስቀመጡት የቅቤ እንስራ ጎድሎባቸዋል። በሁዳዴ ቅቤ የሚልስ አረመኔ ከግቢያቸው አለ ብለው፣ ያገኙትን ሁሉ አፉን አስከፍተው ያሸቱ ጀመር። አዳሙን አሸተቱ። እንዳላማውን አሸተቱ። ባላቸውን ብቻ አላሸተቱም፤ ግራዝማች እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ ጠብታ ውሃ የማይቀምሱ ሰው ናቸው።

ዘይቱ መውረዱን አላቆመም። ዓርብ ማታ ከታችኛው ጭረት በታች ሆነ። እንዳላማው ሞተሯ ስትንገጫገጭ ጆሮው ሰማ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ብትቀር፣ ዘይቱን ሸጦ ሞተሩን ገደለ ይባላል፤ ያን ጊዜ መሪውም ሥራነሽም ሄዱ። ከሮብ ገበያ አንዲት ግማሽ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ይዞ መጥቷል። ለመኪና አይሆንም፤ ያውቃል። ለመኪና የሚሆነው ግን ከወይዘሮ ደብሪቱ አንገት ላይ ነው። መኪናዋን አጥባለሁ ብሎ ኮፈኑን ከፈተና፣ በጎድጓዳ ቅጠል አድርጎ ኑጉን ለቀቀው። ሲለቀው እንደ ሰው «ይቅር በይኝ» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ብረቱን በግራዝማች ፊት መዘዘ። እጁ ላይ ቀረ። ዘይቱ የታችኛውን ጭረት አልፎ፣ የላይኛውንም አልፎ፣ ከዚያም በላይ ወጥቶ እስከ መያዣው ድረስ ቀብቶታል። ቀዝቃዛው የጮቄ ተራራ አየር አርግቶት ነው መሰል ደግሞ ወፍራም ነው። እዚህም እዚያም ቢጫ ፍርፋሪ ተጣብቆበታል። እንዳላማው በጣቱ አሸት አደረገው። ወደ አፍንጫው ግን አላቀረበውም። የሚያገኘውን የሚያውቅ ሰው አያሸትም።

አንድ ነገር ግን ወዲያው ገባው። ግማሽ ጠርሙስ ይህን ያህል አያነሣም። ሌላ ሰው ጨምሯል።

ቀና ብሎ አዳሙን አየ። አዳሙ እሱን ያያል። ግራዝማች ሁለቱንም ያያሉ።

«ሞላ» አሉ ግራዝማች።

«ሞላ፣ ጌታዬ።»

«የወሰደ ሰው ፈርቶ መለሰ ማለት ነው።» ደስታ ከፊታቸው የለም። «እንግዲህ ማን እንደጨመረ ካወቅን፣ ማን እንደወሰደ አወቅን። አዳሙ! ነገ ከቅዳሴ በኋላ ታውጃለህ።»

እንዲህ ሆኖ ነው የረቡዑ አውጫጭኝ የተጠራው። ግራዝማች ረቡዕን የመረጡት አስበውበት ነው። የሮብ ገበያ ተሳፋሪ እንደሆነ ጠዋት መኪናዋን ብሎ ይመጣል። ድንቹን ተሸክሞ፣ ፍየሉን እየጎተተ የመጣው ሁሉ ወደ ግቢው ገባና ሳያስበው ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። መኪናዋ ኮፈኗን ከፍታ ከመሐል ቆመች። መሪጌታ አካለ ወልድ ሰብሳቢ ሆነው ከበርጩማ ላይ ተቀመጡ። ግራዝማች ያን የሚያብለጨልጭ ጠመንጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል።

አውጫጭኝ ላይ ሰው እከሌን አየሁ አይልም። ወፍ ነገረኝ ብሎ ለሰብሳቢው በጆሮው ይነግራል። መሪጌታ ጆሯቸውን ከፈቱ። ሰው እየተነሣ፣ እያጎነበሰ፣ እያንሾካሾከ ተመለሰ። መኪናዋን ከዚያን ቀን በፊት አይተዋት የማያውቁ ሴትዮም ሳይቀሩ ወፍ ነግሯቸው ኖሯል። እንዳላማው የሰውን ከንፈር ሳይሆን የመሪጌታን ፊት ይመለከት ነበር። ፊታቸው ቀስ እያለ ከእሱ ዞረ። የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ሄዶ ያረፈው ከአንድ ዛፍ ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀ።

«ወፎቹ አንድ ሰው ላይ ተስማምተዋል» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ። «ይሁን እንጂ ወፍ ብቻውን አይፈርድም። የተጠረጠሩት ይማሉና ይለይ።»

«እንዲያ ነው!» አሉ ግራዝማች። «ጧፍ ይምጣ። እንደ ደንቡ ጧፉን እያጠፉ እንዲህ ያጥፋኝ ብለው ይማሉ።»

«ጧፍስ አላበራም» አሉ መሪጌታ። «የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ለመኪና ዘይት? ያውም በሁዳዴ? ሌላ የሚጠፋ ነገር ፈልጉ።»

ግራዝማች አሰቡ። ዓይናቸው መኪናዋ ላይ አረፈ። የሚጠፋ ነገር እዚያው ፊታቸው ቆሟል።

«ሞተሩ ይነሣ» አሉ። «የሚምል ሰው ቁልፉን እያዞረ፣ ነክቼ እንደሆን እንደዚች ሞተር ቀጥ ያድርገኝ ብሎ ያጥፋ። ያጠፋ ማለ ማለት ነው። የፈራ ተያዘ ማለት ነው።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ መሐላ በጎጃም ታይቶ አይታወቅም።

እንዳላማው ማንቬላውን አስገብቶ አዞረ። አልተነሣችም። እንደገና አዞረ። የሞተሯ ሆድ ከብዷታል። በስንት ልመና አጉረመረመችና ተነሣች። በነጭ ጭስ ፍየሎቹን ሸፈነቻቸው።

መጀመሪያ የቀረበ አዳሙ ነው። ቁልፉን ያዘ።

«እኔ አዳሙ፣ ዘይት ወስጄ፣ ዘይትም ሆነ ሌላ... ዘይት ጨምሬ እንደሆነ» አለና ዋጥ አደረገ፣ «እንደዚች ሞተር ቀጥ ያድርገኝ!» አጠፋው። ቀጥ አለች። አዳሙ ወደ ቦታው ሲመለስ እግሩን እያየ ነበር የሚራመድ።

«እንዳላማው» አሉ መሪጌታ። ስሙን ሲጠሩ ልጄ ማለቱን ትተውታል።

እንዳላማው ሞተሩን እንደገና አስነሣው። አሁን ሞቅ ስላላት ቶሎ ተነሣች። ወደ ቁልፉ ሄደ። ከግቢው በር አጠገብ ሥራነሽ ቆማለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። መማል ቀላል ነው። ቁልፉ ትንሽ ነው፣ ወደ ግራ ማዞር ነው። ከማለ ልጅቱን ያገባል። ካልማለ መሪውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አገሩን ይለቃል። እጁን ዘረጋ። እግዚአብሔር ደግሞ ከላይ ጠርሙሱን አይቶታል።

እሱ ቁልፉን ይዞ ሲያመነታ ሞተሯ ትሞቅ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው የኑግ ሽታ ነው። ሽንኩርት ሊጣድበት የተቃረበ ምጣድ ይመስላል። ሕዝቡ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

«የምን ሽታ ነው?» አለ ከፍየሎቹ መካከል የቆመ አንድ ሰው።

እንዳላማው እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ።

«የኑግ ነው» አለ። ድምፁ ከራሱ የወጣ አልመሰለውም። «ኑጉ የኔ ነው፣ የኔታ። ሌባ እንዳልባል ብዬ ዓርብ ማታ ጨመርሁ። ከዘይቱ ግን አልወሰድሁም። መኪናዋ ዘይት ስትበላ ኖራለች። እኔ ነኝ ከጌታዬ የደበቅሁ።»

«አላልኋችሁም!» አሉ ግራዝማች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ያው! በአፉ! እኔ ከመጀመሪያውም...»

ከዚህ በላይ አልሄዱም። ሁለተኛው ሽታ መጣ።

ይህን ሽታ በጎጃም የማያውቅ ሕፃን የለም። ኮሰረት አለበት፣ ኮረሪማ አለበት፣ ፋሲካ ራሱ አለበት። ሁዳዴን ሲጾም የከረመ ሕዝብ ላይ እንደ ደመና ወረደበት። ሰው ምራቁን ዋጠ፣ ከዚያም እንደዋጠ ሌላው እንዳያይበት ወደ መሬት አየ። መሪጌታ ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ አጠፉ። ከጭሱ ሥር ደግሞ ሦስተኛ ሽታ፣ ዘበኛ ዱላውን የሚቀባው የሞራ ሽታ ብቅ አለ፤ አዳሙ በቀስታ አንድ እግሩን፣ ከዚያም ሌላውን አንሥቶ አሁንም እንደሚታዘዙለት ፈተነ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከተቀመጡበት ተነሡ። ወደ ሞተሩ ሄደው ጎንበስ አሉና የሰውን አፍ ሲያሸቱ እንደከረሙት አሸተቱት። እናት ልጇን አትስትም፤ ወይዘሮ ደብሪቱም ቅቤያቸውን አልሳቱም። ቀና ብለው አንገታቸው ላይ ያለውን የጓዳ ቁልፍ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ቁልፉ እዚያው አለ። ከዚያ ዓይናቸው በዝግታ ሄዶ ከግራዝማች ኪስ ላይ አረፈ። ከኪሱ ወደሚያብለጨልጨው ጠመንጃ ወጣ። ከጠመንጃው እንደገና ወደ ኪሱ ወረደ።

እንዳላማው የእሳቸውን ዓይን ተከተለ። ያቺ የጾሙ መግቢያ ጠዋት ትዝ አለችው፤ ግራዝማች ማልደው፣ ብረቱ በአንድ እጃቸው፣ ጨርቁ በሌላው። ጠመንጃው የሚወለወለው በሞተሩ ዘይት ኖሯል፤ አላስጨምርም ብለው የማሉትም ዘይት እንጂ ቅቤ አልነበረም።

ሞተሯ ብቻ ታጉረመርማለች።

«አጥፋው እንጂ» አሉ ግራዝማች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጌታዬ፣ ያጠፋ ማለ ማለት ነው ብለዋል» አለ እንዳላማው። «እኔ የኔን ተናግሬያለሁ። መሐላ የለኝም።»

«አዳሙ፣ አጥፋው።»

«ኧረ እኔስ አንድ ጊዜ ምያለሁ፣ ጌታዬ። ይበቃኛል።»

ግራዝማች ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ጓዳቸው መንገድ ጀምረዋል። ወደ መሪጌታ ዞሩ። መሪጌታ እጃቸውን ወደ መኪናዋ ዘርግተው፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር ሳይነበብ፣

«ባለቤቱ እያለ ሌላ ሰው አይነካም» አሉ። «ግራዝማች፣ ቁልፉ ያው።»

ግራዝማች ፈንታ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ መኪናዋ ተራመዱ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። ከበሩ ደርሰው እጃቸውን ወደ ውስጥ ዘረጉ። ቁልፉ ከጣታቸው ስንዝር አይሞላም። የቅቤው ጭስ ጋቢያቸውን እየዞረ ወደ ላይ ወጣ። እጃቸው እዚያው ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ከቁልፉ አልፋ፣ የመቀመጫውን አቧራ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ተመለሰች።

«ገበያተኛው ረፈደበት» አሉ ማንንም ሳያዩ። «አይጥፋ። እንዳላማው፣ ግባና ንዳ።»

እንዳላማው ገባ። ሕዝቡም ድንቹንና ፍየሉን እየያዘ ተሳፈረ። ሊነሣ ሲል የፊተኛው በር ተከፈተና መሪጌታ አካለ ወልድ ልብሳቸውን ሰብስበው ከጎኑ ተቀመጡ።

«ጋራዡ ድረስ ቀስ እያልህ ንዳት» አሉት። «ይህ ሁሉ ይደፋላት። ከዚያ ሽማግሌዎችህ ያሉበት ታደርሰኛለህ፣ ልጄ።»